ቃል የሌለበት ገጽ

ኢሶሃማ፣ ኖቬምበር 14

እትዬ ኪኑዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እዚህ ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ ባሕሩም ካኮረፈ ሰንብቷል። የላኩልን መንደሪን በደህና ደርሷል። ሞሪዮ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ካርቶኑን በር ላይ ከፍቶ እየላጠ፣ «እትዬ ኪኑዬ ልጃቸው ዘንድ ማትሱያማ መግባታቸው ለኛ ጠቀመን» አለ። ባሌ ቀልድ የሚመጣለት አፉ ሙሉ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሃትሱሚ ቀድማኝ ጽፋልዎታለች ማለት ነው፤ ከንባብ ማኅበራችን ሴቶች ውስጥ የሷ ምላስ መቼ አርፎ ያውቃል። እኔው ልነግርዎ አስቤ እየጀመርኩ እየቀደድኩ ሰነበትኩ። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። ለሦስተኛ ክፍል ልጆች መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ነግሬያቸዋለሁ።

ያነበብኩት የዓሣ አጥማጁን መጽሐፍ ነው፤ ያን አባትየው ባሕር ወጥቶ ሲዘገይ ልጁ በየምሽቱ ፋኖስ እያበራ የሚጠብቅበትን። ቅዳሜ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማኅበሩ ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። እርስዎ እንዳስተማሩን ነው ሁሉም፦ የተጻፈውን አንብቡ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ ልጅ አታስጨንቁ፣ ዝጉ፣ አመስግኑ፣ ውጡ። የመጨረሻው ገጽ ቃል የለበትም፤ የጠዋት ባሕር ብቻ ነው። እዚያ ላይ የልጆቹ ዓይን እስኪጠግብ ዝም ብሎ መያዝ ነው። ልምምዱ ላይ ሃትሱሚ እንኳ፣ ምስጋና የማይወጣት ሴትዮ፣ «ዛሬስ ደህና ያዝሽው» ብላኛለች።

ሐሙስ ጠዋት ግን፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያንን ገጽ ከፍቼ እንደያዝኩ፣ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ከዚያስ? አባትየው መጣ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ እኔን እኔን ታያለች እንጂ ሥዕሉን አታይም። ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እትዬ፣ ያ ዝምታ እንዴት እንደከበደኝ ልነግርዎ አልችልም። «አዎ፣ መጣ። በደህና ተመለሰ» አልኩ። ልጆቹ ተነፈሱ፤ እኔም ተነፈስኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

ማታውኑ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደወሉ። ልጅቷ ናዙና ትባላለች። ባለፈው ወር ነው ከእናቷ ጋር ከኩሮሳኪ መጥተው አያቷ ቤት የገቡት። አባቷ በሴፕቴምበሩ ማዕበል ከሰጠመችው የኩሮሳኪ ጀልባ ላይ ነበር። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ሲገኙ እሱ አልተገኘም። ትምህርት ቤቱ ያውቃል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ለኛ ለአንባቢዎቹ አይነገርም፣ ደንብ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ዘመዶቹ ያለ አስከሬን ሊሰናበቱት ከመነኩሴው ጋር ቀን ቆርጠው ነበር። ናዙና ከሐሙስ ወዲህ «አባቴ ይመጣል፣ የመጽሐፏ ሴትዮ ነግራናለች» እያለች ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባሕሩን የሚገታው ግንብ ጫፍ ላይ ሄዳ ትቆማለች፤ ዝናብ ቢሆን፣ ነፋስ ቢሆን። ስንብቱም ተሰረዘ።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይምከሩኝ።

ቺዙሩ


ማትሱያማ፣ ኖቬምበር 18

ቺዙሩ፣

ጉልበቴን ተዪው፤ ያው ጉልበት ነው። መንደሪኑ ለማኅበሩ ሴቶች ነው የተላከው፣ ለባልሽ ጉሮሮ አይደለም፤ ንገሪው።

ተናድጃለሁ፤ ልደብቅሽ አልችልም። አሥር ዓመት አብረን ስናነብ ያንን አንድ ነገር ነው የለመንኳችሁ። ዝም ማለት ያቃተው ሰው የሥዕል መጽሐፍ አይያዝ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ይቀጠር። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል አልሰማሽም? አሁን በምን ልታሺው ነው?

ደግሞ እንዲህ ብዬ ስጽፍ እያለቀስሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፤ ከዚያ ፊትሽን ታጠቢና ስሚኝ።

ይቅርታ ጠይቂ። በዳይሬክተሩ በኩል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በወጉ። ብቻሽን ሰው ቤት ሮጠሽ እንዳትሄጂ፤ ኀዘንተኛ ቤት ድንገት ደርሶ መንበርከክ ራስን ማስታመም ነው። ምክንያት አትደርድሪ። «ዝምታው ከበደኝ» ምናምን የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። ይቅርታ ላይ ምክንያት ሲጨመርበት ይበላሻል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ቤት ደህና ጣፋጭ በሣጥን አስደርገሽ፣ በጥሩ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። ርካሹን እንዳትገዢ፤ ሴትዮዋ ሀብታም ትሁን ድሃ ጨርቁን ታያለች።

ልጅቷን ከዚያ ግንብ ላይ የሚያወርዳት ሰው ይኑር። ቀን በቀን። ያ ግንብ በክረምት ሰው ሲወስድ አይቻለሁ።

ኪኑዬ


ኢሶሃማ፣ ኖቬምበር 27

እትዬ ኪኑዬ፣

በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። በፖስት ካርድ የጠየቁኝንም ሳልመልስ ቆየሁ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጣፋጩን በትልቁ ሣጥን፣ ጨርቁን ለልጄ ምረቃ የገዛሁትን። በዳይሬክተሩ ቢሮ ዳይሬክተሩ፣ ምክትላቸው፣ የክፍሉ አስተማሪና እኔ በተርታ ቆምን። የናዙና እናት ሪትሱኮ ትባላለች። ቀጭን ናት፤ የለበሰችው ካፖርት የእናቷ መሰለኝ፣ እጅጌው ጣቷን ይሸፍናል። አጎነበስን። ተቀምጣ እስክንጨርስ ጠበቀችና ወደኔ ዞራ «ከማን ሰሙት?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ዳይሬክተሩ «ፈጽሞ መሆን ያልነበረበት ነገር ነው፣ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው» አሉና እንደገና አጎነበስን። እሷ «እሱን አይደለም የጠየቅሁት» አለች። ምክትላቸው «ዳግመኛ እንዳይደርስ እናደርጋለን» አሉ፤ ደግሞ አጎነበስን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አጎንብሼ አላውቅም፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል። ምክንያት አትደርድሪ ስላሉኝ እኔም ከይቅርታ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ጣፋጩን ይዛ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ሣጥኑ ሳይከፈት፣ ጨርቁ ታጥፎ ከላዩ ተቀምጦ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘ።

አልተቀበለችኝም፣ እትዬ። ልትቀበለኝም አይገባም።

የሐሙስ ንባብ እስከ ጸደይ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ቤተሰቡ ዘንድ እንዳልደርስ፣ እንዳልደውል አስጠንቅቀውኛል። የቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ ንባብ አለ፤ እናቶቹ ግን ወሬውን ሰምተዋል መሰለኝ ልጆቻቸውን ያስቀራሉ።

ስለ ሞሪዮ ለጠየቁኝ፤ አዎ፣ እሱ ነበር። ኩሮሳኪዎች ርዳታ ሲጠይቁ ከኛ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሬዲዮ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ቤት ውስጥ አናነሳውም። ፍለጋው የቆመ ዕለት መጥቶ እራቱን ሳይነካ ተኛ፤ ያንን ብቻ ነው የማውቀው።

ባለፈው ሳምንት ማዕበሉ ግንቡን ሲያልፍ ናዙናን አቅፎ ያወረዳትም እሱ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ገባ። በመንገድ ላይ «ጋሼ፣ አንተም ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ አለ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ አያቷ በር አደረሳት። እኔም አልገባኝም። ብርድ ላይ የቆመ ልጅ ይቀባጥራል።

የርስዎ ጤና እንዴት ነው? ምንም አልጻፉልኝም።

ቺዙሩ


ማትሱያማ፣ ዲሴምበር 1

ቺዙሩ፣

ጤናዬን አትጠይቂኝ ብዬሻለሁ። ሐኪም ቤት ሰነበትኩ፣ ወጣሁ፤ ይኸው ነው።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ልጄ «እማዬ፣ በቃሽ ተኚ» እስክትል። አንቺ ስትጽፊው አልሰማሽውም?

ሴትዮዋ አልሰደበችሽም። አልከሰሰችሽም። ጥያቄ ነው የጠየቀችሽ። «ከማን ሰሙት?» ነው ያለችው። ደግማ ጠየቀች። አራት ትልልቅ ሰዎች ተሰልፋችሁ ምንጣፉን ስታዩ ፊቷን ያየ አንድ ሰው የለም። የሬዲዮ ሰው ሚስት ነሽ። ባሏን ሲፈልጉ የነበሩት የናንተ ሰዎች ናቸው። ልጇ ቤት ገብታ «መጣ ብላለች» ስትላት ምን የምታስብ ይመስልሻል? የሰሙት ነገር ቢኖር ነው አለች። እኔ ብሆን እላለሁ። አንቺም ሞሪዮ ቢጠፋ ትያለሽ። ስንብቱን የሰረዘው የልጅቷ እንቢታ አይደለም፤ እናትየውም እየጠበቀች ነው። መልስ ልትሰማ መጥታ ጣፋጭ ተሰጣት። እኔ ብሆን በሩ ላይ አላስቀምጠውም፤ በመስኮት ነበር የምወረውርላችሁ።

በወጉ ሂጂ፣ ምክንያት አትደርድሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የመከርኩሽ ነገር ስህተት ነበር። ይቅርታ ደህና ነገር ነው፣ ለጠየቀ ሰው ግን መልስ አይሆንም።

አሁን ባዶ እጅሽን ሂጂና መልሺላት።

ኪኑዬ


(ፖስት ካርድ) ኢሶሃማ፣ ዲሴምበር 5

እትዬ፣ እንኳን ከሐኪም ቤት በደህና ወጡ። ያሉት ሁሉ ገብቶኛል፤ ከገባኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን ዳይሬክተሩ ከልክለውኛል። ብሄድ ማኅበሩን ከትምህርት ቤቱ ለዘለቄታው ያባርሩታል፤ እርስዎ ያቋቋሙት ነው። ሴቶቹስ ምን ይሉኛል? ደግሞስ እንዴት ብዬ ነው፣ ሰው ቤት ሄጄ የቀረቻቸውን ተስፋ በገዛ አፌ የማጠፋው? አልችልም። ቺዙሩ


(ፖስት ካርድ) ማትሱያማ፣ ዲሴምበር 8

ሂጂ። ማኅበሩን ያቋቋምኩት ለልጆች ነው፤ ቢፈርስ የሚቆጨው እኔን ነው። ሄድኩ ብለሽ እንዳትዋሺኝ፣ ሃትሱሚ አለችልኝ። ኪኑዬ


ኢሶሃማ፣ ዲሴምበር 13

እትዬ ኪኑዬ፣

ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ጽሕፈቴ ቢጣመም አይፍረዱብኝ።

ስለ ማኅበሩ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ኋላ ላይሆንልኝ ይችላል። ዳይሬክተሩ መሄዴን በማግስቱ ሰሙ። አልተቆጡም፤ ሻይ አስቀርበው፣ ስለ ብርዱ አውርተው፣ ከጸደይ በኋላም የጠዋት ንባብ ሰዓቱ ለሒሳብ መለማመጃ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ሃትሱሚ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን በጨው የተዘፈዘፈ ራዲሽ ይዛ መጥታ «ቅዳሜ የማን ተራ ነው?» አለች። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አምስት ልጆች አሉን። እነሱን ይዘን እንቀጥላለን።

የሄድኩት እሑድ ሲመሻሽ ነው። አልደወልኩም፤ ብደውል ኖሮ «አትምጪ» ይሉኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እቀራለሁ። ባዶ እጄን ሰው ቤት ስሄድ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። መንገድ ላይ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

አያትየው ከፈቱልኝ። ማን እንደሆንኩ አውቀዋል። «እራት ላይ ነን» አሉኝ፤ ግን ከበሩ ገለል አሉ። ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ዙሪያ አያትየው፣ ሪትሱኮና ናዙና የሚቀመጡበት አለ፤ ደግሞ ማንም ያልተቀመጠበት አራተኛ ቦታ ላይ ትኩስ ሩዝ፣ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቧል። የመብያ እንጨቶቹ አጠገቡ ተጋድመዋል። የርስዎ እናት፣ አባትዎ ባሕር ላይ ሲሆኑ፣ ያደርጉት የነበረው ነው፤ በሄደበት እንዳይርበው የሚባለው። አያትየው ኋላ ሲሸኙኝ እንደነገሩኝ በኦክቶበር ትተውት ነበር። እኔ ያንን ቃል ከተናገርኩ ማግስት ጀምሮ ሪትሱኮ እንደገና ማቅረብ ጀመረች።

እትዬ፣ ያንን ሩዝ ሳይ ተመልሼ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ተንበረከክሁ። ይቅርታ ከአፌ ሊወጣ ሲል ዋጥኩትና «የጠየቁኝን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ከማንም አልሰማሁም። ባሌ የሚያውቀው ነገር የለም። ልጅዎ ስትጠይቀኝ ዝም ማለት አቃተኝና ከራሴ ፈጥሬ ተናገርኩ።»

ሪትሱኮ አፌን ነው የምታየው። ገና ሌላ ነገር የምጨምር መስሏት ትጠብቃለች። የምጨምረው አልነበረኝም።

የመለሰችልኝ ናዙና ናት። «መጽሐፉ ላይ እኮ የለም» አለችኝ።

«አዎ፣ የለም» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ከፊት ነበርኩ። ባሕር ብቻ ነው ያለው፣ ምንም አልተጻፈበትም። መጽሐፉ ላይ ሳይኖር መጣ ካልሽ፣ የመጽሐፉን ልጅ አባት ሳይሆን የኔን ነዋ። የዓሣ ማኅበሩን ጃኬት ለብሰሽ ነበር። ሰምታ ነው፣ ሰው ፊት መናገር ስለማትችል እንዲህ አድርጋ ነገረችኝ አልኩ።»

እውነቷን ነው፤ ዝናብ ስለነበር የሞሪዮን ጃኬት ደርቤ ነበር። እኛ ልጅቷ ተረትና እውነት ተምታቶባት ነው ብለን ስንት ሰው ሰብስበን መከርን። ምንም አልተምታታባትም። የማታነብ መስሎን ነበር እንጂ ከኛ ሁሉ አጥርታ ያነበበችው እሷ ናት። እንዲያ ስትለኝ የት ልግባ፣ እትዬ። ያፈርኩት ማፈር እስካሁን አልለቀቀኝም።

«ምንም አልሰማሁም፣ ናዙና» አልኳት። «አባትሽ አልተመለሰም። ጋሼ ሞሪዮ በሬዲዮ ሲጠራ ነበር፤ ፍለጋው እስኪቆም ጠርቷል። መልስ አልመጣም።»

«በስሙ ነው የጠራው?»

«በጀልባዋ ስም። በሬዲዮ እንደዚያ ነው የሚጠራው።»

«ስሙ እኮ ቴትሱሮ ነው» አለች። «በስሙ አልጠሩትም» ብላ ወደ እናቷ ዞረች፤ ስትከሰን ሳይሆን ስታስረዳት ነበር። ሪትሱኮ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «መጥተው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሩዙ እንፋሎቱ እያለቀ ነበር። ሪትሱኮ ልታነሳው እጇን ዘርግታ ሳህኑን ያዘችና እዚያው ቀረች፤ አታነሳውም፣ አትለቀውም። አያትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ልናገር ምን ያህል እንደቃጣኝ እርስዎ ያውቁታል። አልተናገርኩም።

ናዙና ተነስታ መጥታ አራተኛው ቦታ ላይ ተንበረከከች። የእናቷን እጅ ቀስ ብላ ከሳህኑ ላይ አነሳችው። የተጋደሙትን የመብያ እንጨቶች አነሳችና ሩዙ መሃል አቆመቻቸው። ልጆቻችን ሲጫወቱ እንዲህ ሲያደርጉ፣ ይህ ለሙት ብቻ ነው እያልን ስንት ጊዜ እጃቸውን መትተናል። ናዙናን የነካት ሰው የለም። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንጨቶቹ እንዳይወድቁ እየተጠነቀቀች፣ የሙታን መታሰቢያው መደርደሪያ ላይ ወስዳ አስቀመጠችው። መደርደሪያው ላይ የወንድ አያቷ ፎቶ ብቻ ነበር ያለው። ናዙና አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አየችና ወደ እናቷ ዞረች።

እናቷ ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች፤ የባሏን ፎቶ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት።

ቺዙሩ